ኮምፒውተር ሲወለድ ስክሪን አልነበረውም

አየር ጤና፣ ሰኔ መጀመሪያ

ውድ ኑሕ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ትርንጎም ደህና ናት፤ ስለሷ ግን ከኔ በፊት አንተ ሳትሰማ አትቀርም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮምፒውተርህ ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም የሰርግ ጥሪውንም መርዶውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያነበው። የልቤ ሁኔታ ከሱ ድምፅ አይገባህምና በግልጽ ቃል ልጻፈው። በአንተ እቀናለሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባሁ ሰውዬ፣ ገና ሠላሳዎቹን በጀመረ ልጅ እቀናለሁ። ሚስቴን ትነጥቀኛለህ ብዬ አይደለም። እሱ ቢሆንማ ቀላል ነበር፤ መጥቼ እደባደብህ ነበር። ዓይነ ስውር ነው ብዬም አልምርህም፤ "እንደማንኛውም ሰው ቁጠሩኝ" ያልከው አንተው ነህ። የኔ ቅናት ሌላ ነው። ስሙን በደንብ ስለማላውቀው እንደመጣልኝ ልጻፍልህና አንተው ፍረድ።

አንተ ትርንጎን ያወቅካት ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው። እኔ ያወቅኳት ቤቴል አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ ነው። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ መብራት አልበራ ብሎ፣ ያው ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነውና፣ ተጠርቼ ሄድኩ። መግቢያ ወረቀት ስትጽፍልኝ እያየችኝ ታወራኛለች፣ ትስቃለች፣ ጣቶቿ ግን አያቆሙም። ኪቦርዱን አንዴም አላየችውም። እኔ ከሽቦ ጋር የምኖር ሰው ነኝ፤ ጣት የራሱ ዕውቀት እንዳለው አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጣቶቿን ሳይ ሥራዬን ረስቼ ቆምኩ።

ሐኪሞቹ "የዓይን ግፊት ነው" አሉን። ከዳር ከዳር እየበላ መጣ። መጀመሪያ ፊደሉን አተለቀችው፣ ቀጥሎ አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ እስክትለጥፍ ተጠጋች። አንድ ቀን ለወላጆች የሚላክ ደብዳቤ ጽፋ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠችው። ኪቦርዱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን አላየችም። ሙሉ ገጽ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ደንግጦ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት "ትርንጎ፣ ይሄ የምን ቋንቋ ነው?" አላት። ቤት መጥታ ቦርሳዋን አስቀመጠችና "ከእንግዲህ አልሄድም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ከጋራዥ እመጣለሁ፣ እጄን በናፍጣና በሳሙና እታጠባለሁ፣ ከጎኗ ቁጭ እላለሁ። ጋዜጣውን፣ የዕለቱን ስንክሳር፣ የስልክ መልእክቷን፣ የመድኃኒት ወረቀቷን፣ የልጃችንን የሶፊን የፈተና ውጤት፣ ሁሉንም አነብላታለሁ። ከዓለም ወደ ትርንጎ የሚገባ ነገር ሁሉ በኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። ማንም ሰው በሚስቱ ሕመም ደስ አይለውም። ያ ሰዓት ግን ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት ነበር።

እንግዲህ ሶፊ ናት ከጎንደር ደውላ "ቀራንዮ አካባቢ አንድ ቸርች ለዓይነ ስውራን ኮምፒውተር ያስተምራል አሉ" ያለችን። ጎረቤታችን እትዬ ወለተጻድቅ ወሬውን ሲሰሙ ጊዜ አላጠፉም። "ይገዙ፣ ኮምፒውተር እያሉ ጴንጤ አድርገው እንዳይመልሱልህ!" አሉኝ። ትርንጎ በመስኮት ሰምታቸው ኖሮ "ማተቤን አስሬ ሄጄ፣ ማተቤን አስሬ ነው የምመለሰው፣ አያስቡ" አለቻቸው።

እሷን ይዤ የመጣሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ከቸርቹ አዳራሽ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰበሰቡት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ አለ። አንተ ነጭ በትርህን ይዘህ ገባህና ሰላምታ ሰጠህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ፣ በምን እንዳወቅከኝ እስካሁን አልገባኝም፣ "ጋሼ፣ እዚህ ዓይን ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት መሰለኝ። እባክዎ ስክሪኖቹን በሙሉ ያጥፉልኝ" አልከኝ።

"ስክሪኑን? ታዲያ በምን ይማራሉ?" አልኩህ።

"እስካሁንስ ማን አያቸው?" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እየዞርኩ አጠፋሁ። ሞኝ የሆንኩ መሰለኝ።

"ኮምፒውተር ሲወለድ ስክሪን አልነበረውም" ብለህ ጀመርክ። ከብስኩት ካርቶን ቆርጠህ በሚስማር የበሳኻቸውን ካርዶች በየእጃቸው አስያዝካቸው። "ዳብሷቸው። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካኖች ሕዝባቸውን የቆጠሩት በእንዲህ ዓይነት ካርድ ነው። ይህቺ ቀዳዳ ወንድ፣ ይህቺ ሴት፣ ይህቺ ያገባ፣ ይህቺ ያላገባ። ማሽኑ ቀዳዳውን አያይም፤ በመርፌ ይዳብሰዋል። እንደኛው።" ከዚያ አዳራሽ ስለሚያክሉት ማሽኖች ነገርካቸው፤ እንደ አምፖል ስለሚግሉትና እንደ አምፖል ስለሚቃጠሉት ብዙ ሺህ ቱቦዎች፤ ያ ሁሉ ግዙፍ ነገር ዛሬ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ስልክ በሥራ እንደማይስተካከላት። "ከማሽኑም በፊት ኮምፒውተር የሰው ሥራ ስም ነበር" አልክ። "ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሲያሰሉ የሚውሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ ኮምፒውተር ይባሉ ነበር።"

"ታዲያ እኔም ስንት ዘመን ኮምፒውተር ሆኜ ኖሬያለሁ በለኛ!" አለች ትርንጎ፣ ሳቀችም።

ያን ሳቅ ታውቀው ይሆን? አታውቀውም፤ ለአንተ የመጀመሪያህ ነበር። እኔ ግን ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ስንት ቀልድ አንብቤላት፣ ስንት የጋራዥ ወሬ ይዤላት ገብቼ ያላገኘሁትን፣ አንተ በአንድ የብስኩት ካርቶን አገኘኸው። ቅናቴ ከየት ጀመረ ካልክ ከዚያች ደቂቃ ነው።

ቀጥለህ ግብዓት፣ ሥራ፣ ማስቀመጫ፣ ውጤት አልክ። "አራቱ ካሉ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን ውጤት ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ወረቀት ሌላ መንገድ ነው፣ ድምፅ ሌላ መንገድ ነው።" ትርንጎ የካርዷን ቀዳዳዎች እየዳበሰች "እኔ ያጣሁት እንግዲህ አንዱን መንገድ ነው?" ስትል ጠየቀችህ። "አንዱን ነው፣ እትዬ" አልካት።

ያን ዕለት ኪቦርዱ ላይ እጇን ስታሳርፍ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ጣቶቿ ትንሽ ፈልገው ቦታቸውን አገኙ። በነካች ቁጥር ማሽኑ ፊደሉን ይጠራል። ስትጨርስ ሙሉውን አነበበው፤ "ጉዳዩ፦ መመለሴን ስለማሳወቅ።" ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ "ኑሕ እንዳለው" የማይባልበት ማዕድ ጠፋ። ራም ማለት ሥራ ላይ እያለ ብቻ የሚያስታውስ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉን የሚረሳ ነው፣ ኑሕ እንዳለው። ሃርድ ዲስኩ ግን አይረሳም፣ ኑሕ እንዳለው። ሃርድዌር የምትነካው፣ ሶፍትዌር የማትነካው ነው፣ ኑሕ እንዳለው። አንድ ቀን ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብላት "ኑሕም" ብላ ጀመረችና ራሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ቀጥሎ ኤርፎኑ መጣ። የሶፊ መልእክት ሲገባ ስልኩን ለኔ ማቀበል ተወች። ጆሮዋ ውስጥ ትሰካዋለች፣ ብቻዋን ትሰማለች፣ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። "ምን አለች?" እላለሁ። "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች።" ከዚያ በፊት የሶፊን ቃል በሙሉ አውቀው ነበር፤ አሁን የሚደርሰኝ ሰላምታው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ኤርፎኑን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የምትሰማውን አስብ። አንድም ቃል አልያዝኩም። "ይሄ እኮ የተበላሸ ነው" ስላት "አልተበላሸም፣ ፍጥነቱን ጨምሬው ነው፤ ቀስ ሲል ይሰለቸኛል" አለችኝ። እኔ እንግዲህ የማነበው ቀስ ብዬ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቀን ጋዜጣ ይዤ ገባሁ። ታጥቤ፣ ከጎኗ ተቀምጬ፣ የመጀመሪያውን ርዕስ ጀመርኩ።

"እሱን እንኳ አንብቤዋለሁ" አለች።

ክፉ ሆና አይደለም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ጋዜጣውን አጥፌ "ጎበዝ" አልኳትና ጸሐይ ልሙቅ የሚል ሰበብ ፈልጌ ወጣሁ። ደጅ ላይ ደመና ነበር።

አምና ለዳግማ ትንሣኤ ቤታችን ምሳ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሳታውቀው የኔ ወንበር ላይ ተቀመጥክ። ትርንጎ እጅህን ይዛ ሳህኑ ላይ ምኑ የት እንዳለ አሳየችህ። ሁለታችሁ ስለ ኪቦርድ አቋራጮች ስታወሩ እኔ ዶሮውን ስቆራርጥ ዋልኩ። ከዚያ ታክሲ ላሳፍርህ አብሬህ ወጣሁ። ክርኔን ይዘኸኝ ወደ ታክሲ ተራው ስንወርድ ሆዴ አልችል ብሎ ጠየቅኩህ፤ "ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምታስተምራት ምን እንድትሆን ነው?"

ጋራዦቹን አልፈን፣ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት እስኪሰማ ሄድን። ከዚያ ስለ እናትህ ነገርከኝ። በልጅነትህ ዓይንህ ሲጠፋ ሁሉን ነገር እሳቸው ያነቡልህ እንደነበር፣ ጎበዝ አንባቢ እንደነበሩ፣ በሳቸው ድምፅ ያላለፍክበት አገር እንዳልነበር። "ሲሞቱ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፣ ጋሽ ይገዙ። ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። የእናቴ መሞት ብቻ አይደለም፤ ሬዲዮው፣ መጽሐፉ፣ ሰፈሩ፣ ሁሉም አብሮ የሞተ መሰለኝ።"

"በሳቸው አልፈርድም" አልከኝ። "ስለወደዱኝ ነው። እትዬ ትርንጎ ግን እንደኔ እንዳይሆኑ እፈልጋለሁ። እርስዎም የሚፈልጉ ይመስለኛል።" ከዚያ ታክሲው ውስጥ ልትገባ ስትል "ደግሞ ያውቃሉ? የመጀመሪያ ቀን የማሽኑን ፍጥነት ሳስተካክል እትዬ ምን አሉኝ መሰለዎት? 'ይገዙ በሚያነብበት ልክ አድርግልኝ' አሉኝ። እኔ 'በእገሌ ልክ' የምለው ሰው የለኝም። እንዴት እንደቀናሁብዎ!" አልከኝ። ረዳቱ በሩን ዘጋው፣ ታክሲው ሄደ።

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ቃልህ ደስ እንዳሰኘኝ አልክድህም። ግን እንደ ዳኛ ሆነህ ፍረድ፤ አንተ የቀናህበት ልክ እኮ ከረጅም ጊዜ በፊት ተቀይሯል። ፍጥነቱን ጨምራዋለች።

ከዚያ አንተ አርባ ምንጭ አዲስ ማሠልጠኛ ልትከፍት ሄድክ፣ የቀራንዮዋን ክፍል እንድታስተምርበት ለትርንጎ ተውክላት። እኔም ተነፈስኩ። አለፈ፣ ሰውየው ሄደ፣ አልኩ። ባለፈው ወር ታዲያ ምሳ እየበላን "ኑሕ ለክረምቱ እንድመጣ ጠይቆኛል" አለችኝ። "የሴቶች ክፍል ሊከፍት ነው፤ አስተማሪዋ ሴት ብትሆን ይሻላል ብሏል። እሺ ብዬዋለሁ።"

"ክረምቱን ሙሉ?"

"ክረምቱን ሙሉ።"

"ማን ይወስድሻል?"

"አውቶቡስ።"

"ትርንጎ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው? ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?"

እጇን ከምግቡ አነሳች። "ይገዙ፣ ትምህርት ቤት ስሠራ ስብሰባ ስሄድ አስፈቅጄህ አውቃለሁ? እነግርሃለሁ እንጂ። አሁንም እየነገርኩህ ነው።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንተ ዓይኔ ልትሆነኝ ፈለግክ፤ እግዜር ይስጥህ። ግን የኔ ዓይን ስትሆን ባሌ ጠፋብኝ" አለችኝ።

ለጥቂት ቀናት አኮረፍኩ። ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ ነበር። አንድ ከሰዓት ሥራ ስላነሰ ከጋራዥ ቀጥታ ወደ ቀራንዮ ሄድኩና ክፍለ ጊዜዋ ሳያልቅ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳው ጥግ ቆምኩ።

ትርንጎ ፊት ለፊት ቆማ አንድ የፍሬቻ ሪሌ ይዛለች፤ መኪና ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚለው ማለቴ ነው። ክዳኑን አውልቃዋለች። "ስሙት" አለችና በጣቷ ተጫነችው። ቀጭ። "ሲዘጋ አንድ፣ ሲከፈት ዜሮ። ከቱቦው በፊት በእንዲህ ዓይነት ነገር የተሠሩ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ክፍሉ ሙሉ ሲንቀጫቀጭ ይውል ነበር። ዛሬም ስልካችሁ ውስጥ ያለው መክፈትና መዝጋት ነው፤ ድምፁ ስለጠፋ ነው ድግምት የሚመስለን። ባለቤቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ይሄን ከሱ ጃኬት ነው የሰረቅኩት፣ እንዳትነግሩብኝ።" ተማሪዎቹ ሳቁ። ሪሌውን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት።

ከዚያ ወደ ልምምድ ገቡ። ስኳር ዓይናቸውን የወሰደባቸው አቶ አየለ የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ወርቄ አጠገባቸው ቆመው ጣታቸውን እየያዙ ትክክለኛው ፊደል ላይ ይጫኑላቸዋል። ትርንጎ ጆሮዋን አቀናች።

"አቶ አየለ፣ እዚያ ጋ አራት እጅ ነው የምሰማው" አለች።

"እኔ ነኝ፣ ባለቤቱ። እንዳይሳሳት ብዬ ነው እኮ።"

"ይሳሳቱ፣ ወይዘሮ ወርቄ። ማሽኑ ይነግራቸዋል። እርስዎ ትንሽ ይረፉ።"

ሴትየዋ እጃቸውን አነሱ። የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነጠላቸውን ጨበጡና ወደ ግድግዳው መጥተው ከኔ ጎን ቆሙ። አቶ አየለ አንድ ፊደል ተጫኑ፣ ተሳሳቱ፣ አጠፉ፣ ደግመው ተጫኑ። ባላቸው በተሳሳቱ ቁጥር ወይዘሮ ወርቄ ወደፊት እርምጃ ይጀምሩና ይመለሳሉ።

"ያማል" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ዝም ብሎ ማየቱ።"

"አዎ" አልኳቸው። "ያማል።" ለማንም ያላልኩትን ለማላውቃቸው ሴትዮ አልኩት፤ ቀለለኝም።

ክፍሉ ሲበተን ትርንጎ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። "የናፍጣ ሽታ ከገባ ቆይቷል" አለችኝ። ክርኔን ያዘችና ወጣን። የመድኃኔዓለምን ቅጥር አልፈን ስንሄድ፣ "አውቶቡስ ተራ ድረስ እኔ ነኝ የምወስድሽ" አልኳት። "እሱማ አይቀርም" አለች። ተሳልማ፣ ትንሽ ሄደችና "መጽሐፋችንስ?" አለችኝ።

ይህን አንተ አታውቀውም፤ ወይም አታውቀውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጋዜጣ ማንበቡ ሲቀርብኝ አየር ጤና መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ ልብ ወለድ ገዛሁና እሱን እናነብ ጀመር። ወፍራም ነው፣ መሐል ላይ ደርሰናል። ሴትየዋ ባሏን ትታ ትሂድ አትሂድ ገና አልለየላትም፤ ትርንጎ ትሂድ ትላለች፣ እኔ ትቆይ እላለሁ።

"በስልክ አነብልሻለሁ" አልኳት። "እሁድ እሁድ ከሰዓት።"

"እሺ" አለች፣ ከዚያ እንደ ዋዛ "ኑሕ እኮ ስካን አድርጌ ኮምፒውተርሽ ላይ ላስገባልሽ ብሎኛል" አለችኝ።

"ምን አልሽው?"

"እስቲ አስብበታለሁ አልኩት።"

እንግዲህ ኑሕ፣ ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣልሃለች። ስትቀበላት እጇን አትጎትት፤ ክርን ስጣትና ራሷ ትያዝ፣ ይህን ከኔ በላይ ታውቃለህ፤ ልክ ባልፍም ይቅር በለኝ። የዓይኗን ጠብታ እንዳትረሳ አስታውሳት። ሴቶቹን በደንብ ታስተምርልህ፣ ትሳቅልህ፣ አጨብጭቡላት። ጋዜጣውን ውሰድ፣ መልእክቱን ውሰድ፣ የሶፊንም ወሬ ከኔ ቀድማችሁ ስሙ። ያንን መጽሐፍ ግን ስካን እንዳታደርግባት፤ በፈጣሪ ይዤሃለሁ። እሁድ ከሰዓትም ስልኳ ቢያዝ አትደውል።

እየቀናም የሚያከብርህ፣
ይገዙ